የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በአሜሪካ፦ ልጅዎ መቼ ትቀመጥ?

አገር ቤት ተምሮ ያደገ ሰው «የኮሌጅ መግቢያ ፈተና መቼ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ለመልሱ አይቸገርም። ማትሪክ የሚመጣው በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ነው። ቀኑን የሚቆርጠው መንግሥት ነው። ተማሪው በተባለው ቀን እርሳሱን ቀርጾ፣ መታወቂያውን ይዞ ከመፈተኛው ክፍል ይገኛል፤ እናትም በጠዋት ተነስታ ቁርስ አቅርባ፣ ጸሎቷን አድርሳ ትሸኘዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ውጤቱ እስኪለጠፍ መጠበቅ ነው። «መቼ እንፈተን?» ብሎ የሚመካከር ቤተሰብ አልነበረም፤ የሚያማክር ነገር አልነበረውምና።

ይህ ልማድ ከሰው ጋር ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። አሜሪካ የገቡ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲደርሱ የሚያስቡት በዚያው በማትሪክ መልክ ነው። «ገና 11ኛ ክፍል ናት፤ ፈተናው ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ይነግረናል» ይላሉ። በዚያ አገር ግን ኤስኤቲ እና ኤሲቲ ለሚባሉት የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን የሚመርጠው ቤተሰቡ ራሱ ነው። ሳይመረጥ የቀረ እንደሆነ የሚጠይቅም፣ የሚቆጣም የለም፤ ጊዜው ዝም ብሎ ያልፋል። ይህ ጽሑፍ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በአትላንታ፣ በዴንቨር፣ በሲያትልና በሌሎችም ከተሞች ልጆች ለሚያሳድጉ እናቶችና አባቶች የቀረበ ነው። እዚህ ሆነው በስልክ «ልጅቷ ምን ደረሰች?» እያሉ የሚጠይቁ አክስቶችና አያቶችም ቢያነቡት የሚጠሉት አይመስለንም።

በመጀመሪያ የፈተናዎቹን ምንነት በአጭሩ እንግለጽ። ኤስኤቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1926 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የተቀመጡት ተማሪዎች 8 ሺህ ያህል ነበሩ። ኤሲቲ ደግሞ በ1959 ተጀመረ። የኤስኤቲ ውጤት ከ400 እስከ 1600፣ የኤሲቲ ውጤት ከ1 እስከ 36 ይቆጠራል። ኤስኤቲ ከ2024 ወዲህ በአሜሪካ የሚሰጠው በኮምፒዩተር ነው፤ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይወስዳል፤ አንዱ ክፍል ንባብና ጽሕፈት፣ ሁለተኛው ክፍል ሒሳብ ነው። ኤሲቲም በ2025 አጠር እንዲል ተደርጎ የሳይንሱ ክፍል በፈቃድ ሆኗል። ኮሌጆች ሁለቱንም በእኩል ዓይን ስለሚያዩ «የትኛው ይከበራል?» የሚለው ክርክር ጥቅም የለውም። ልጅዎ ቤት ውስጥ ከሁለቱም አንድ አንድ የልምምድ ፈተና ትሥራና የተሻለ የሆነላትን ትያዝ። ከዚህ በታች የምንናገረው በብዛት ስለ ኤስኤቲ ነው፤ ይሁን እንጂ የጊዜው አቆጣጠር ለኤሲቲም ያገለግላል።

ኤስኤቲ በዓመት ሰባት ወይም ስምንት ጊዜ፣ በቅዳሜ ቀን ይሰጣል። ከኦገስት እስከ ዲሴምበር በየወሩ አለ ማለት ይቻላል፤ ከዚያም በማርች፣ በሜይና በጁን ይደገማል። የወራቱን ስም በአገራችን አቆጣጠር ያልጻፍነው፣ እዚያ ያለ ወላጅ ከማቀዝቀዣው በር ላይ የሚለጥፈው ቀን መቁጠሪያ በዚያው ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛውን ጊዜ ለማወቅ የሚበጀው ዘዴ ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ልጅዎ 12ኛ ክፍልን የምትጨርሰው በጁን ነው እንበል። ማመልከቻዋ ግን በጁን አይላክም። የብዙ ኮሌጆች መደበኛ ማመልከቻ የሚዘጋው በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው። ቀደም ብለው ለሚያመለክቱ ደግሞ የተለመደው ቀን ኖቬምበር 1 ነው። ይህን ሁለተኛውን ቀን አቅልለው አይዩት። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም የማይርቀው የሜሪላንድ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ፓርክ፣ በውጤታቸው ለሚሸለሙ ተማሪዎች የሚሰጠውን ገንዘብ ሲያከፋፍል በተለይ የሚያየው እስከ ኖቬምበር 1 ያመለከቱትን ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች ሙሉ የትምህርት ወጪ የሚያስገኘው ክዌስትብሪጅ የተባለው ውድድር ደግሞ ማመልከቻውን የሚዘጋው ከዚያም ቀድሞ፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ ገደማ ነው።

የፈተናው ውጤት ለመውጣት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ቀደም ብሎ ለሚላክ ማመልከቻ የሚያስተማምነው የመጨረሻ ፈተና 12ኛ ክፍል ሲጀመር ያለው የኦገስት ፈተና ነው፤ ኦክቶበርም ለብዙ ኮሌጆች ይደርሳል። በመጀመሪያው ፈተና ያልረካች ልጅ ድክመቷን አይታ ለመድገም ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ያስፈልጋታል። ከዚያ ወደ ኋላ ሲቆጠር የመጀመሪያው ፈተና በ11ኛ ክፍል ማርች ወይም ሜይ ላይ ይወድቃል። ነገሩ ይኸው ነው። በ12ኛ ክፍል መጨረሻ የሚጠበቅ ፈተና የለም፤ በዚያን ጊዜ የተቀባዮቹ ስም ወጥቷል፣ ልጆቹም የሚገቡበትን ኮሌጅ መርጠዋል።

«ታዲያ ለምን ትምህርት ቤቱ አይነግረንም?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ትምህርት ቤቱ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ለልጅቷ ነው፤ በእንግሊዝኛ በተጻፈ መልእክት፣ ከሌሎች ሃያ ማስታወቂያዎች ጋር ቀላቅሎ። ካውንስለር የሚባሉት የትምህርት ቤት አማካሪዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። በ2023-24 የትምህርት ዘመን በአገሪቱ በአማካይ ለአንድ አማካሪ 376 ተማሪዎች ይደርሱት ነበር። አማካሪው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም ያልጠራዎት፤ ያልጠየቀ ሰው ወረፋ ስለማይደርሰው ነው። በበኩላችን፣ ልጅዎ 10ኛ ክፍልን ከመጨረሷ በፊት ቀጠሮ ይዘው አማካሪውን አንድ ጊዜ እንዲያነጋግሩ እንመክራለን። እንግሊዝኛዎ ይቸግርዎት እንደሆነ አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎት መጠየቅ መብትዎ ነው። ልጅቷን ራሷን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ብዙም የሚያስመሰግን አይደለም፤ ስለ ራሷ የተነገረውን ነገር አሳምራም ሆነ አሳጥራ ልታቀርበው ትችላለችና።

መዘግየት እንደሚጎዳ ሁሉ መቻኮልም ይጎዳል። አንዳንድ ቤተሰቦች የጎረቤት ልጅ ተፈተነ ሲባል ሰምተው የ9ኛ ክፍል ልጃቸውን ያስመዘግባሉ። ይህ ገንዘብም፣ የልጅም ልብ ማባከን ነው። የኤስኤቲ ሒሳብ 44 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ ከነዚህ ውስጥ ሰባ በመቶ ያህሉ አልጀብራና ከፍ ያለ አልጀብራ ናቸው፤ የቀረው ጂኦሜትሪ፣ ጥቂት ትሪጎኖሜትሪና የአኃዝ ትንተና ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ደግሞ፣ እንደ አገራችን ሳይሆን፣ በአንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ሒሳብ አይማሩም። አንዷ በ10ኛ ክፍል አልጀብራ ሁለት የሚባለውን ስትጨርስ፣ ጓደኛዋ በዚያው ዓመት ገና ጂኦሜትሪ ላይ ልትሆን ትችላለች።

ስለሆነም መጠየቅ ያለበት «ስንተኛ ክፍል ናት?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «የትኛውን ሒሳብ ጨርሳለች?» የሚለው ጭምር ነው። አልጀብራ ሁለትን በ10ኛ ክፍል ጨርሳ እንደሆነ የ11ኛ ክፍልን የመጀመሪያ ወራት ትምህርቱ ከአእምሮዋ ሳይጠፋ ልትጠቀምባቸው ትችላለች፤ የኦክቶበር ወይም የዲሴምበር ፈተና ይስማማታል። አሁን በ11ኛ ክፍል እየተማረችው ከሆነ ለማርች መጣደፍ አያስፈልግም፤ ሜይ ወይም ጁን ይሻላታል። ወደ ኋላ ቀርታ አልጀብራ ሁለትን የምትወስደው በ12ኛ ክፍል ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ፤ ክረምቱን በራሷ አጥንታ በኦገስትና በኦክቶበር ትቀመጥ። በ11ኛ ክፍል የተመዘገበው የክፍል ውጤት ኮሌጆች በሙሉ የሚያዩት የመጨረሻው የዓመት ውጤት መሆኑንም አይርሱ። ለኤስኤቲ ስታጠና የክፍል ትምህርቷ ከወደቀ፣ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው እጅ እንደ መንጠቅ ይቆጠራል።

በዚህ መሐል የማይደገም አንድ ቀን አለ። ፒኤስኤቲ የሚባለው ፈተና በየዓመቱ በኦክቶበር በየትምህርት ቤቱ ይሰጣል። ብዙ ወላጆች ስሙን ሲሰሙ «ልምምድ ነው፣ ቢቀርም ምን አለ» ይላሉ። እውነት ነው፣ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ልምምድ ነው። በ11ኛ ክፍል ግን ናሽናል ሜሪት ለሚባለው አገር አቀፍ የነጻ ትምህርት ውድድር መግቢያ እርሱ ነው፤ በዚያ ዓመት ያለፈው ዕድል በ12ኛ ክፍል አይመለስም። ምዝገባውም በኮሌጅ ቦርድ በኩል ሳይሆን በትምህርት ቤቱ በኩል ስለሆነ፣ 11ኛ ክፍል በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለሁሉም ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹ ለጠየቀ ብቻ ነው።

ኤስኤቲን ራሱን በሥራ ቀን፣ ያለ ክፍያ፣ በትምህርት ቤት ውስጥ የሚሰጡ ግዛቶችም አሉ። በኮሎራዶ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በኤፕሪል ገደማ ይፈተናሉ፤ በዋሽንግተን ዲሲም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ይህንኑ ዕድል ያገኛሉ። ዴንቨርና ኦሮራ ወይም ዲሲ ላሉ ቤተሰቦች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ልጅቷ በለመደችው ክፍል ትፈተናለች፤ የቅዳሜ ትራንስፖርት አያሳስብም፤ ውጤቱም እንደ ቅዳሜው ውጤት ለኮሌጅ ይላካል። ይህን ፈተና እንደ ተራ የትምህርት ቤት ፈተና ቆጥራ ያለ ዝግጅት እንዳትገባ ብቻ አስቀድመው ይንገሯት።

የኮሌጅ ቦርድ የቀን መቁጠሪያ የእኛን በዓል አያውቅም። በ2024 የሜይ ኤስኤቲ የተሰጠው በሜይ 4 ነበር። ያ ቀን ቅዳም ሹር ነበር፤ ትንሣኤ በማግስቱ ዋለ። ዓርብ ሙሉ ቀን ስትሰግድ ውላ፣ አክፍላ ያደረች ልጅ ቅዳሜ ጠዋት በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ ንባብና ሒሳብ ስትሠራ ምን ያህል እንደሚከብዳት ለመገመት አያዳግትም። በ2025 ደግሞ የማርች ፈተና የዋለው ማርች 8፣ በረመዳን ወር ነበር። ጾመኛ ልጅ አትፈተን ማለታችን አይደለም፤ በጠዋት ስለሚሰጥ የሚመቻቸውም አሉ። የምንለው፣ ቀኑ ከመመረጡ በፊት የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ የቀን አቆጣጠር ከፈተናው ቀኖች ጎን ይቀመጥና ይታይ ነው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር ወይም ለክረምት ወደ አገር ቤት ለመሄድ የተቆረጠ ቲኬት ካለም እንደዚሁ። በተጨማሪም ኤፒ የሚባሉትን ከፍ ያሉ ትምህርቶች ለሚወስዱ ልጆች የእነርሱ ፈተና የሚውለው በሜይ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ነው፤ ሁለትና ሦስት ኤፒ ላላት ልጅ የሜዩ ኤስኤቲ ሸክም ይሆንባታልና ማርች ወይም ጁን ይሻላታል።

ከዚህ ላይ ስለ ሴቶች ልጆች አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ዓምዳችን ይታዘበናል። በብዙ ቤቶች የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የቤቱ ጸሐፊ ናት። የኪራዩን ደብዳቤ የምታነበው፣ የሐኪም ቀጠሮ በስልክ የምታስተካክለው፣ እናት ሌሊት ሥራ ስታድር ታናናሾቿን አብልታ የምታስተኛው እርሷ ናት። ቅዳሜና እሑድ እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈላውም እርሷ ናት። ወንድሟ በዚያው ሰዓት ክፍሉን ዘግቶ «እያጠና ነው» ይባልለታል። ከዚያ ውጤት ሲመጣ እኩል እንዲያመጡ ይጠበቃል። ልጅዎ መቼ ትፈተን የሚለው ጥያቄ፣ መቼ ታጥና የሚለውንም ይጨምራል። ከፈተናው በፊት ላሉት ስምንት ወይም አሥር ሳምንታት በሳምንት አራት ሰዓት፣ ስሙ ተጠርቶ የእርሷ የሆነ፣ ስልክ የማያስነሳት፣ እንግዳ የማያስነሳት ጊዜ ካልተገኘ የፈተናው ቀን ማርች ሆነ ሜይ ለውጥ የለውም። ሰሐኑን ወንድሟ ይጠብ፤ ቡናውንም አባት ቢያፈላው ቤቱ አይፈርስም።

ለመሰናዶ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያስከፍሉ ኮርሶች አሉ። ከመክፈልዎ በፊት ነጻውን ይሞክሩ። ካን አካዳሚ ከ2015 ጀምሮ ከኮሌጅ ቦርድ ጋር ሆኖ ያለ ክፍያ ያስጠናል፤ ብሉቡክ በሚባለውና ፈተናው ራሱ በሚሰጥበት ፕሮግራም ውስጥም ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች በነጻ ይገኛሉ። ቤት ውስጥ ጸጥታ ከሌለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ። እነዚህን በትክክል ሠርታ የጨረሰች ልጅ ኮርስ ያስፈልጋት አያስፈልጋት በውጤቷ ይታወቃል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ በ2024-25 የትምህርት ዘመን አንድ ኤስኤቲ 68 ዶላር ነበር። ልጅዎ በትምህርት ቤት ነጻ ወይም የተቀነሰ ምሳ የማግኘት መብት ካላት፣ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ያለ ክፍያ እንድትፈተን የሚያስችል ፈቃድ በአማካሪዋ በኩል ታገኛለች። ይህ ፈቃድ ለብዙ ኮሌጆች የማመልከቻ ክፍያንም ያስቀራል። ይህን መጠየቅ የሚያሳፍራቸው ወላጆች እንዳሉ እናውቃለን፤ «ልመና መሰለብን» ይላሉ። ልመና አይደለም፤ ደንብ ነው። ሁለቱን ነጻ ፈተናዎች አንዱን በ11ኛ ክፍል ማርች ወይም ሜይ፣ ሁለተኛውን በኦገስት ማድረግ ደህና አከፋፈል ነው። ኮምፒዩተር የሌላት ልጅም ከፈተናው ቢያንስ 30 ቀን በፊት ከጠየቀች ከኮሌጅ ቦርድ በውሰት ታገኛለች። በሐኪም የተረጋገጠ ችግር ኖሮባት ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልጋት ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ እስከ ሰባት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ከዚያም አስቀድሞ በትምህርት ቤቱ በኩል ይጠየቅ።

ለምዝገባ መዝጊያው እስኪደርስ አይጠብቁ፤ በአቅራቢያ ያሉት ቦታዎች ቀድመው ይሞላሉ፣ ያኔ ልጅን በሌሊት አስነስቶ ሩቅ ከተማ ማድረስ ይመጣል። የመፈተኛው በር የሚዘጋው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ በእነርሱ አጠራር ኤይት ኤኤም መሆኑ ነው። ዓርብ ሌሊት ሥራ የሚያድሩ ወላጆች ማን እንደሚያደርሳት በዋዜማው ሳይሆን በሚመዘገቡበት ቀን ይወስኑ።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር እናክል፤ የስም ነገር። በምዝገባው ላይ ያለው ስም በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። የእኛ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ነው። ጽዮን የምትባል ልጅ በፓስፖርቷ ላይ በአንድ ፊደል፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ በሌላ ፊደል ጀምራ ትገኛለች። በአንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ፣ በሌላው ላይ የአያት ስም ይሆናል። ይህ የሚታወቀው በበሩ ላይ ከሆነ ልጅቷ ሳትፈተን ልትመለስ ትችላለች። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ሁሉ ስንናገር «ፈተናው ቀርቷል ተብሎ የለም ወይ?» የሚሉ እንዳሉ አንዘነጋም። ከ2020ው ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ ኮሌጆች ውጤት መላክን በአመልካቹ ፈቃድ አድርገዋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ፣ በርክሌይንና ዩሲኤልኤን ጨምሮ፣ ቢላክለትም ለቅበላ አይመለከተውም። በሌላ በኩል ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትማዝ፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024 እንደገና እንደሚጠይቁ አስታውቀዋል። ልጅ በ10ኛ ክፍል ሆና የትኛው ኮሌጅ እንደምታመለክት አታውቅም፤ የምታውቀው በ12ኛ ክፍል ነው፣ ያኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ፈተና ይመሻል። ስለዚህ በ11ኛ ክፍል ተፈትና ውጤቱን በእጇ ብትይዝ ጥሩ ነው። ከኮሌጁ ተማሪዎች መካከለኛ ውጤት በላይ ከሆነ ትልካለች፤ በፈቃድ በሆነበት ቦታ ደግሞ ዝቅ ካለ ትተወዋለች።

ስንት ጊዜ ትድገም? ሁለት ጊዜ የተለመደ ነው፤ ሦስተኛው ምክንያት ካለው አይከፋም፤ ከዚያ በላይ ግን ልጅን ማድከም ነው። ብዙ ኮሌጆች ከተለያዩ ቀኖች የተሻለውን ሒሳብና የተሻለውን ንባብ አጣምረው ይወስዳሉ። ነገር ግን ለምሳሌ በዋሽንግተን የሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርስቲ የተፈተነችውን ሁሉ እንድትልክ ይጠይቃል። «እስቲ ትሞክረው» ተብሎ ያለ ዝግጅት የተገባበት ፈተና እዚያ ላይ አብሮ ይታያል።

በ15 ወይም በ16 ዓመታቸው ከአገር ቤት ለሄዱ ልጆች አቆጣጠሩ ይለያል። እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ በሒሳቡ አይታሙም፤ የሚያስቸግራቸው የእንግሊዝኛው ንባብ ነው፣ እርሱም በስምንት ሳምንት አይሞላም። ለእነርሱ የመጀመሪያው ፈተና የ11ኛ ክፍል ጁን ወይም የ12ኛ ክፍል ኦገስት ቢሆን ይመረጣል፤ እያንዳንዱ ወር ለቋንቋቸው ትርፍ ነውና። ያም ባይሳካ ሌላ በር አለ። በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ኮሌጅ፣ በቨርጂኒያ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለመግባት ኤስኤቲ አይጠይቁም፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ የተወሰነውን ውጤት ጠብቆ ወደ ዩኒቨርስቲ መዛወር ይቻላል። ይህን መንገድ «ዝቅ ያለ ነው» እያሉ በልጁ ፊት የሚናገሩ ዘመዶች ምን ያህል ዶላር እንደሚተርፍ ቢያሰሉ አነጋገራቸውን ያስተካክሉ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ አገር ቤት እንደነበረው በሰሌዳ አይለጠፍም። የሚመጣው ለልጅቷ ነው፤ ከእርስዎና ከትምህርት ቤቷ ሌላ ማወቅ ያለበት የለም። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ፣ በለቅሶ ቤት ወይም በማኅበር ላይ «የእናንተዋስ ስንት አመጣች?» የሚል አይጠፋም። «ገና እየሞከረች ነው» ብሎ ማለፍ ይበቃል፤ እውነትም ነው፣ ኦገስት ገና ይመጣልና።

የሚመጣው የትምህርት ዘመን የፈተና ቀኖች ወራት ቀድመው በኮሌጅ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅዎን አጠገብዎ ያስቀምጡና ቀን መቁጠሪያውን ዘርጉት። ፋሲካውን ወይም ረመዳኑን፣ የሥራ ፈረቃዎን፣ የኤፒ ፈተናዎቿን፣ ኖቬምበር 1ን ያመልክቱበት። ከዚያ እስክሪብቶውን ለእርሷ ይስጧትና ሁለቱን ቅዳሜዎች ራሷ ትክበባቸው።